የድሮ ጆንሰን የጀልባ ሞተር፦ ጋዙ ጆኮ (ልቅነት) አብዝቷል፣ ካርቡራቶር ልቀይር?

የጊቤ ዳር (ጅማ) | እሁድ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ካለ እርዱኝ። አጎቴ ዝዋይ ላይ ዓሣ ሲያሰግርባት የኖረች ጆንሰን አለች፤ 18 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር የሚቀላቀልላት። ዕድሜው ገፍቶ ሥራውን ሲተው "ለቆርቆሮ ገዢ ከምሰጣት አንተ ውሰዳት" ብሎ ሰጠኝ። አይሱዙ ላይ ጭኜ አመጣኋት። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአሰንዳቦ በኩል ግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ እናወጣባታለን።

ችግሯ እንዲህ ነው። እጀታዋን ስጠመዝዝ ሩብ ዙር ድረስ ምንም የለም። ከዚያ በአንዴ ትጮህና ጀልባዋ አፍንጫዋን ታነሳለች። ጋዙን ስመልስ ደግሞ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ አትረጋም፤ አንዴ ልትጠፋ ትደርሳለች፣ አንዴ ማንም ሳይነካት ራሷ ትነሳለች። ባለፈው ሳምንት ማርሽ ላይ እያለች፣ መረብ እየሳብን፣ ራሷ ጋዝ ወስዳ ጓደኛዬ ከነመረቡ ሊገባ ነበር።

አንድ ጋራዥ አሳየኋት፣ "ካርቡራቶሩ አልቋል፣ ይቀየር" አሉኝ። እኔ ራሴ መርፌውን አሥር ጊዜ አጥብቄ አሥር ጊዜ አላልቼዋለሁ። ዛሬ ይስተካከላል፣ ነገ እዚያው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀልደኛ ነኝ | እሁድ ምሽት 2፡31

ጅማ ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር ያላት? የቦዬ ረግረግ ጉማሬዎች ሞተር አስገጠሙ እንዴ?

የጊቤ ዳር | እሁድ ምሽት 2፡40

ግልገል ጊቤ አንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኛም ሐይቅ አለን። 184 ሜጋ ዋቱ ለእናንተ፣ ቆሮሶው ለእኛ።

ሰባ ስድስት | እሁድ ምሽት 3፡05

ወንድሜ አትልፋ፣ ችግሩ ከፍታ ነው። ሞተሩ ዝዋይን ነው የለመደው። ጅማ ከፍ ያለ አገር ነው፣ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራቶሩ ግራ ይገባዋል። ዤቱን (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ቀንስ።

ጋሽ ቮላኖ (ባሕር ዳር) | ሰኞ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ ካርቡራቶሩን ተወው። የተዘጋ ወይም ያለቀ ካርቡራቶር ዛሬም ነገም ያው ነው። አንድ ቀን ታርሞ በማግሥቱ የሚያምፅ ነገር ካየህ የላላ ነገር ፈልግ።

የእነዚህን አሮጌ ጆንሰኖች ጋዝ እንደ ባጃጅ ጋዝ አትየው። ባጃጅ ላይ ገመዱ ካርቡራቶሩን ይስባል፣ አለቀ። እዚህ ግን እጀታው የሚያዞረው ከቮላኖው (ከላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ብረት) ሥር ያለውን ሳህን ነው፤ እሳት የሚሰጡት ፑንቲናዎቹና ቦቢናዎቹ የተቀመጡበትን። ሳህኑ ሲዞር የካንዴላው እሳት ይቀድማል። እዚያው ሳህን ጠርዝ ላይ ካም (ሲዞር የሚገፋ ቁራጭ) ተገጥሟል፤ ካሙ ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሮለር ይገፋል፣ ሮለሯ ቢራቢሮዋን (የካርቡራቶሩን የአየር በር) ትከፍታለች። ስለዚህ መገጣጠሚያው ከላላ የሚዘገየው ቤንዚኑ ብቻ አይደለም፣ እሳቱም ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሳህኑ በዚያው ልቅነት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። "ማንም ሳይነካት ትነሳለች" ያልከው ይኸው ነው።

እንዲህ አድርግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ካንዴላዎቹን ንቀል፣ ኮፈኑን አውርድ። አንድ ሰው እጀታውን በጣም ቀስ አድርጎ ይጠምዝዝልህ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ በባትሪ ተከታተል። መጀመሪያ የተነቃነቀው የቱ ነው? ቀጥሎስ? አንዱ ተንቀሳቅሶ ተከታዩ ዝም ካለ የተበላው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። በወረቀት ጻፈው። በዓይን ያየኸውን በጣትህም አረጋግጥ፤ ጣት መገጣጠሚያው ላይ አድርጎ ማስጠምዘዝ ዓይን የማያየውን ይነግርሃል።

ሞተሩ ላይ ባለችው የስም ታርጋ ያለውን የሞዴል ቁጥርም ንገረን።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር | ሰኞ ጠዋት 3፡10

ጋሽ ቮላኖ የተናገሩት ትክክል ነው። ለሰባ ስድስት፦ ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው። ግልገል ጊቤ ሲሞላ 1,671 ሜትር ነው። ልዩነቱ 35 ሜትር! ይህን ካርቡራቶር አያውቀውም። ጅማ ከተማ ራሷ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ ግን ጀልባዋ ሂርማታ ሰፈር ላይ አትሄድም። ሞተሯ ከባሕር ጠረፍ የመጣች ብትሆን ሌላ ነገር ነው፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያኔ ዤት ይነካል።

ሰባ ስድስት | ሰኞ ጠዋት 3፡22

እሺ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ጅማ ብሎ ሲጽፍ ጊቤ ከጅማ ዝቅ እንደሚል ረሳሁት።

የጊቤ ዳር | ሰኞ ማታ 1፡50

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታርጋዋ ላይ ኤፍ ዲ 12 ይላል። ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ባለ ሁለት ነው፣ ለምን እንደሆነ አጎቴም አልነገረኝም።

ያሉኝን አደረግሁ። ታናሽ እህቴ እጀታውን ያዘች፣ እኔ ባትሪ ያዝኩ። ከእጀታው የሚመጣው ረዥሙ ዘንግ ወዲያው ይዞራል። መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ጥርሳም ማርሾች ትንሽ ዘግየት ይላሉ። ከእነሱ ወደ ላይ የሚሄደው ዘንግ ይዞራል፣ ጫፉ ላይ ያለው የአልሙኒየም ክንድ ግን... ክንዱ ይነሳል፣ ፐርኖው (ማያያዣው ፒን) ቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል፣ የሳህኑ ማገናኛ ገና ምንም አላወቀም! እህቴ "እዚህ ውስጥ ሰው የገባ ይመስላል" አለች። ቀዳዳው ክብ መሆኑን ትቶ የዕንቁላል ቅርጽ ይዟል። ፐርኖውም መሃሉ ላይ ወገብ አውጥቷል።

ሮለሯ ደግሞ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ መዞር ካቆመች ቆይታለች።

ጋሽ ቮላኖ | ሰኞ ማታ 2፡30

ኤፍ ዲ 12 የእ.ኤ.አ. 1958 ሞተር ነው። ባለ ሁለት ቱቦው ለዚያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቤንዚን ፓምፕ አልነበረውም፣ ሞተሩ በአንዱ ቱቦ ታንከሩን በአየር ይጫናል፣ ቤንዚኑ በሌላው ይመጣል። የታንከሩ ክዳን ጎማ ከተሰነጠቀ ቤንዚን ያጥረዋል፣ እሱንም እግረ መንገድህን እይ። ዘይቱን 24 ለ 1 ነው የምትቀላቅለው፣ "ዘመናዊ ዘይት ነው፣ 50 ለ 1 ይበቃል" የሚልህን አትስማ። የዚህ ሞተር ዘመን ሌላ ነው።

አገኘኸው እንግዲህ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሠራ ክንድ ነው፣ አይፈረድበትም።

ብየዳ ቤት | ሰኞ ማታ 3፡00

ቀዳዳውን በአልሙኒየም ብየዳ ሙላውና እንደገና ብሳው። ቀላል ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ።

ኮርቻ | ሰኞ ማታ 3፡12

ለምን ይህን ሁሉ ዘንግ አውጥተህ አትጥልም? የባጃጅ ጋዝ ገመድ ቀጥታ ካርቡራቶሩ ላይ እሰር። እኛ በጀነሬተር እንዲህ ነው የምናደርገው።

ባለ ቶርኖው (ጅማ፣ መርካቶ) | ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

ሁለቱንም አታድርግ ወንድሜ። እንዲህ ያለ ስስ ቅጥ አልሙኒየም ስድሳ ዓመት ዘይት ጠጥቷል፤ ብየዳው አረፋ ያወጣል፣ ወይ ቀዳዳው ያለበት ጆሮ ቀልጦ ይወርዳል። ያኔ ሌላ ክንድ ከየት ታመጣለህ? ጆንሰንን ይሠራ የነበረው አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከስሯል። የባጃጅ ገመዱን በተመለከተ ጋሼ ቀድመው መልሰዋል፤ ካርቡራቶሩ ተከፍቶ ሳህኑ ባለበት ከቀረ እሳቱ ዘግይቶ ይነድዳል። ጉልበት የለም፣ ሙቀት ብቻ። ለጀነሬተር ይሆን ይሆናል፣ ዙሩ አንድ ነውና።

መፍትሔው ቡኮላ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀለበት) ነው። ቀዳዳውን አስፍቶ ክብ ማድረግ፣ የነሐስ ቡኮላ አጥብቆ መክተት፣ አዲስ ፐርኖ መቁረጥ። ነሐስ አትግዛ፣ ያረጀ የመኪና ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ቡኮላ ፈልግ። ዘይት የሚጠጣ ነሐስ ነው፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ አሳድረው፣ ለዓመታት ግራሶ አይጠይቅህም። ለፐርኖው የተጣለ የሞተር ቫልቭ ይሁንልህ፣ ዘንጉ ጥሩ ብረት ነው።

ክንዱን፣ ፐርኖውንና ሮለሯን ይዘህ ና። ማገናኛውንም አምጣ፤ አንዱን አድሰን ሌላውን ብንተወው ጆኮው ቤቱን ቀየረ ማለት ነው።

የጊቤ ዳር | ሐሙስ ማታ 2፡20

ባለ ቶርኖው ጋ ሄድኩ፣ ሰውየው እጁ ይባረክ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፐርኖው ያልተበላው ጫፉ ሲለካ 6.35 ወጣ። እኔ "6 ሚሊ እናድርገው፣ ምን ልዩነት አለው" ስል ሳቀብኝ። አሜሪካ ሠራሽ ነው፣ ሩብ ኢንች ማለት ነው። መሃሉ 5.8 ሆኗል። ቀዳዳው በአንድ በኩል 6.4፣ በሌላው 7.1። ከሁለቱ ብቻ ከአንድ ሚሊ በላይ ጆኮ፣ ያውም ከክንዱ ጫፍ ላይ።

ችግር የፈጠረው ክንዱን ሞርሳ ላይ ማሰሩ ነበር። ጠማማ ነው፣ በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው ስስ፣ ሲጠብቅ ያመልጣል። ከዚህም በላይ ዕንቁላል ቀዳዳ ውስጥ ፑንታ (መብሻ) ስትከት ወደ ተበላው ጎን ይሸሻል፣ መሃሉን ይስታል። ጎረቤቱ በርጩማ የሚጠርብ ነው። ጠርተነው መጣ፣ ክንዱን አገላብጦ አየ፣ ከወደቀ የዋንዛ ቁራጭ ላይ የክንዱን ቅርጽ ፈልፍሎ በአሥር ደቂቃ አልጋ ሠራለት። ክንዱ እንደ ሕፃን ተኛ። ከዚያ በፑንታ ሳይሆን መጀመሪያ በክብ ሞረድ ተቃራኒውን ጎን እየፋቀ መሃሉን አመጣው፣ ቀጥሎ 8፣ ቀጥሎ 9 ሚሊ። የጆሮው ውጭ 14 ነው፣ ሥጋ ተርፎታል።

ቡኮላው በውጭ 9.03 ተቆረጠ፣ በሞርሳ ተጭኖ ገባ። እዚህ ላይ ስህተቱ የእኔ ነው። ቸኩዬ "ይበቃል፣ ውስጡን ቀድመህ አስተካክለኸዋል" ብዬ ይዤ ሄድኩ። ቤት ገጠምኩት፣ ጋዙ ሄደ... አልመለስ አለ! ሞላው ይጎትታል፣ ክንዱ አይንቀሳቀስም። ይህ ሐይቅ ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ባለ ቶርኖው | ሐሙስ ማታ 2፡41

ነግሬው ነበር፣ "ቡና ልጠጣና እጨርሰዋለሁ" ስለው ወጥቶ ሄደ። ቡኮላ ተጭኖ ሲገባ ውስጡ ይጠብባል። ስለዚህ ውስጡ የሚለካውም በሪመር የሚፋቀውም ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ከሰዓት መጥቶ 6.40 አድርገንለታል። ዘይት ነክቶ ፐርኖው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ሲወርድ ያኔ ልክ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር | ሐሙስ ማታ 3፡15

እሰይ። ግን አላለቀም። ጆኮው ሲጠፋ የድሮው አስተካከል ሁሉ ተሳስቷል፤ ከዚህ በፊት ያስተካከሉት ሰዎች ልቅነቱን አስበው ነበር ያስተካከሉት። አሁን ካሙና ሮለሯ እንደ አዲስ መግባባት አለባቸው።

ካሙ ላይ የተሰመረ ምልክት አለ፣ በግራሶ ተሸፍኖ ይሆናል፣ በጨርቅ ጥረገው። እጀታውን ቀስ ብለህ አዙር፣ ምልክቱ ልክ ሮለሯ መሃል ፊት ለፊት ሲደርስ አቁም። ቢራቢሮዋ መከፈት መጀመር ያለባት እዚህ ነጥብ ላይ ነው፣ አትቀድምም አትዘገይም። በቢራቢሮዋ ዘንግ ላይ ሮለሯን የያዘውን ክንድ የምታጠብቅ ብሎን አለች። አላላት፣ ቢራቢሮዋን በጣትህ ሙሉ በሙሉ ዝጋ፣ ሮለሯን ካሙን እስክትነካ አስጠጋ፣ እዚያው አጥብቅ። ከዚያ እጀታውን መልሰህ እንደገና ሞክር። እኔ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የማደርገው፣ ብሎኗ ስትጠብቅ ትንሽ ስለምትጎትት።

ሮለሯንስ ምን አደረግክ? ጠፍጣፋ ሮለር ካለ ይህ ሁሉ ልፋት በከንቱ ነው።

ከዚህ በፊት ግን የፑንቲናው ክፍተት 0.5 ሚሊ መሆኑን እይ። ያ ካልተስተካከለ እሳቱ የት እንደሆነ አታውቅም።

የጊቤ ዳር | ሐሙስ ማታ 3፡30

የሐዋሳዋ እህቴ ተባረኪ። ሮለሯን ባለ ቶርኖው ከናይለን ዘንግ ቆርጦልኛል፣ በጣቴ ስነካት ትሽከረከራለች። ፑንቲናውን ነገ አያለሁ፣ ቮላኖውን ለመንቀል መሳቢያ ተውሻለሁ።

ጋሽ ቮላኖ | ዓርብ ጠዋት 1፡05

በመዶሻ እንዳትነካው! ቮላኖ ውስጥ ማግኔት አለ፣ በመዶሻ ሲመታ ይደክማል። የመሳቢያው ብሎኖች እኩል ይሳቡ።

ሌላም ነገር ፈትሽ። ቢራቢሮዋ የተሰካችበት ዘንግ ካርቡራቶሩ አካል ውስጥ ከተበላ በዚያ በኩል ትርፍ አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል። ለቱ ስትሮክ ይህ መጥፎ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚመጣው፣ ቤንዚን ሲያጥረው ዘይትም ያጥረዋል። ለመፈተሽ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ዘንጉ በሚወጣበት ቦታ ላይ በሲሪንጅ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል። ድምፁ ከተረጋጋ አየር እየገባ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፣ አንተ አትርጭ፣ ቢነድድ ቀድሞ የሚያገኘው ፀጉርህን ነው።

ሞተሩን ስትሞክር በርሜል ሙሉ ውኃ ውስጥ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ መግቢያ ሰጥሞ። በደረቁ ለደቂቃም አታስነሳው፣ የውኃ ፓምፑ ጎማ ይቃጠላል። ፕሮፔለሩንም አውልቅ፣ በርሜሉን ይዞት ይሄዳል።

ቀልደኛ ነኝ | ዓርብ ጠዋት 1፡30

በርሜል ይዛ ቆጪ ሰፈር ስትሮጥ ታየኝ።

የጊቤ ዳር | እሁድ ማታ 1፡40

ዛሬ ሐይቁ ላይ ነበርን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳን፣ ከአሰንዳቦ ወደ ውኃው ስንወርድ ገና ጨለማ ነበር። ስንደርስ ነጋ፣ ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቶ ነበር።

ሁለተኛ ገመድ ስስብ ተነሳች። እጀታውን ገና የአንድ ጣት ስፋት ሳልጠመዝዝ ድምፅዋ ተከተለኝ። በፊት ሩብ ዙር የሚጠፋበት ቦታ ላይ አሁን ጀልባዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ እንዲህ ቀስ የሚባል ፍጥነት እንዳላት ራሱ አላውቅም ነበር። ጋዙን ስመልስ ወረደች፣ ረጋች፣ እዚያው ቆየች። መረብ እስክናነሳ ድረስ አንዴም አልተነሳችም። ጓደኛዬ ግን አሁንም አላመናትም፣ አንድ እጁ ጀልባዋን አለቀቀም።

የዘይት ጠብታውን በርሜል ላይ ሞከርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም፣ ዘንጉ ደህና ነው። የካርቡራቶሩን መርፌ ደግሞ የድሮ ቦታዋ መለስኳት፣ ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም።

የቀረችው ትንሽ ጆኮ የእጀታው ዘንግ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ማርሾች ናቸው። ጥርሳቸው ተበልቷል። ግራሶ ሞልቼ ትቻቸዋለሁ። ልቀይራቸው ወይስ ልተዋቸው?

ጋሽ ቮላኖ | እሁድ ማታ 2፡00

ተዋቸው። የቀረው የእጀታህ ጆኮ ነው፣ የሳህኑ አይደለም። የእጀታው ጆኮ ያስለምዳል፣ የሳህኑ ጆኮ ነው የሚገድለው።

ዝዋይ ዳር | እሁድ ማታ 2፡25

የአጎትህን ሞተር የማውቃት ይመስለኛል፤ ሰማያዊ ጀልባ ላይ ነበረች? እኛም ጋ አንድ ተመሳሳይ በሼድ ተቀምጣለች፣ በዚሁ ምክንያት። ያ የነሐስ ቡኮላ ተርፎሃል?

የጊቤ ዳር | እሁድ ማታ 2፡34

ጀልባዋ ሰማያዊ ነበረች፣ አዎ! ከሞተሪኖው አንድ ተርፏል፣ የአንተን ክንድ ግን መጀመሪያ ለካው። የኔ 9 ሆነ ማለት ያንተም 9 ይሆናል ማለት አይደለም፣ ምን ያህል እንደተበላ ይወስነዋል። አምጣውና ባለ ቶርኖው ጋ እንሂድ፣ ቡናው በእኔ።

ጋሽ ቮላኖ | እሁድ ማታ 2፡50

ልጄ፣ አዲሱን ፐርኖ የያዘችው ኮፒሊያ አዲስ ናት?

የጊቤ ዳር | እሁድ ማታ 2፡53

ኧረ ጋሼ... አሮጌዋን ነው አቃንቼ መልሼ ያጠፍኳት። ነገ ከመርካቶ እገዛለሁ።

ጋሽ ቮላኖ | እሁድ ማታ 2፡55

የታጠፈች ኮፒሊያ ሁለተኛ ስትታጠፍ ትሰበራለች። ካልገዛህ ነገ ሐይቁ ላይ አትውጣ።

የጊቤ ዳር | እሁድ ማታ 2፡56

እሺ ጋሼ። አልወጣም።